የሬዲዮ ጥያቄዎቻችሁ፦ አንቴናው መኪናው ላይ የት ይቀመጥ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መኪና አንቴና ናቸው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ስለሆነ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነኝ። የምነዳው ደብል ካቢን ሃይሉክስ ነው፤ ናፍጣ። መንገዴ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ነው። አንዳንዴ መሐል ሜዳ እወጣለሁ። ድርጅቱ በስሙ ፈቃድ አውጥቶ ብዙ ባንድ (የሞገድ ክልል) የሚቀበል ስካነር ሰጥቶኛል። አያስተላልፍም፤ መቀበል ብቻ ነው። ዋናው የምሰማው የድርጅታችን የቪኤችኤፍ መስመር ነው፤ 160 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ሪፒተሩ፣ ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው፣ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ከፍታ ላይ ነው። የመስክ ሠራተኞቹ የእጅ ሬዲዮ ደግሞ ዩኤችኤፍ ነው፤ 450 አካባቢ። ጊዜ ሳገኝ ኤፍኤም እሰማለሁ። ከተቻለ የአውሮፕላኖችንም ብሰማ ደስ ይለኛል። ከሬዲዮው ጋር የመጣችው አጭር የጎማ አንቴና ጋቢና ውስጥ ምንም አትይዝም። መርካቶ ስጠይቅ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንደኛው ባለማግኔት ነው፤ ግማሽ ሜትር የምትሆን ቀጭን ዘንግ አለው። ሁለተኛው ከሜትር በላይ ነው፤ «ሃይ ጌን ነው፣ ሩቅ ይስባል» አሉኝ። ሦስተኛው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነው። ጓደኛዬ ረጅሙን ገዝተህ ፓራውልቱ ላይ እሰረው ይለኛል። መኪናው የድርጅቱ ስለሆነ ጣሪያውን መብሳት አልችልም። የቱን ልግዛ? የትስ ላድርገው?
ሾፌሩ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልህ። ባለማግኔቷን ግማሽ ሜትር ግዛ። ጣሪያው መሐል ላይ አስቀምጣት። ረጅሙንም የመስታወቱንም ተወው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፤ ምክንያቱን ካወቅህ ነገ ሌላ ባለሱቅ ሌላ ነገር ቢነግርህ ራስህ ትመዝነዋለህ።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ። ፈቃዱ በድርጅቱ ስም መሆኑ ደግ ነው። ኮፒውን ከመኪናው ሊብሬ ጋር አኑረው። ጣሪያው ላይ ዘንግ ያቆመ መኪና ኬላ ላይ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ፈቃዱ የትኞቹን መስመሮች እንደሚሸፍን ከአስተዳደሩ አጣራ። የአውሮፕላኖቹ መስመር እዚያ ውስጥ ከሌለ፣ ድርጅቱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ አትክፈተው።

አሁን ወደ ዘንጉ ርዝመት። አንቴና የሚቆረጠው ለሚሰማው ሞገድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 75ን ለሜጋኸርዙ ስታካፍል የሩብ ሞገድ ርዝመት በሜትር ይመጣል። ለ160 ሜጋኸርዝ 47 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ450 ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የአውሮፕላኖቹ የድምፅ መስመር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ነው፤ መሐሉን ከወሰድክ 59 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ስለሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። በተግባር ዘንጉ ከስሌቱ 5 በመቶ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ላንተ ዋና መስመር 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ዘንግ ልክህ ነው። ሱቅ ስትሄድ ሜትር ያዝ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመን፤ ዘንጉን ለካው።

«ታዲያ 450ውስ?» ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የተመቸ ነገር አለ። ለአንድ መስመር ሩብ ሞገድ የሆነ ዘንግ ለሦስት እጥፉ ሦስት ሩብ ሞገድ ይሆናል። በሦስት ሩብም በደንብ ይሠራል። የ160 ሦስት እጥፍ 480 ነው፤ ያንተ 450 ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለማስተላለፍ ቢሆን እንዲህ በግምት አልልህም ነበር፤ መለካት ግድ ይላል። ለመቀበል ግን ትንሽ አለመገጣጠም ሬዲዮውን አይጎዳውም፤ ሲግናሉን ትንሽ ይቀንሳል እንጂ። ኤፍኤም ደግሞ ጣቢያው ኃይለኛ ስለሆነ በ45 ሳንቲ ሜትርም ይገባልሃል። የአውሮፕላኑም እንደዚሁ፤ አብራሪው ከላይ ነው፤ በመካከላችሁ የሚከልል ተራራ የለም።

አንዳንድ ሣጥን ላይ «ከ25 እስከ 1300 ሜጋኸርዝ» የሚል ታያለህ። በዚያ ሁሉ መካከል የሆነ ነገር ይሰማል ማለት ነው። ሁሉንም እኩል ይሰማል ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ዘንግ የለም። ከሁሉም በላይ ሳይቆራረጥ እንዲሰማህ የምትፈልገውን አንዱን መስመር ምረጥ፤ ለእሱ ግዛ። ሌላው ባንድ የተረፈውን ይውሰድ። ላንተ እሱ የድርጅቱ መስመር ነው፤ ሥራህ ነውና።

ቀጥሎ ቦታው። ይህን ከሁሉ አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ ሱቅ የሚመጡ ሾፌሮች አብዛኞቹ የአንቴናውን ዓይነት ይጠይቁኛል እንጂ ቦታውን አይጠይቁኝም። ርካሽ ዘንግ ጣሪያ መሐል ላይ ሆኖ ፓራውልት ላይ ከታሰረ ውድ አንቴና በብዙ ይሻላል።

የሩብ ሞገድ ዘንግ ብቻውን ግማሽ አንቴና ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ ያለው ላሜራ ነው። ላሜራው ለዘንጉ እንደ መስታወት ሆኖ የጎደለውን ግማሽ ይሞላለታል። ስለዚህ በዘንጉ ዙሪያ፣ በየአቅጣጫው፣ ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ላሜራ ቢኖር ይመረጣል። ላንተ 45 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሃይሉክስ ጣሪያ ይህን ይበቃል። ኮፈኑ ላይ ብታደርገው ጋቢናው ከኋላ ይከልለዋል። ፓራውልት ላይ ከሆነ መኪናው በሙሉ ግድግዳ ይሆንበታል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ የሚሰማው መስመር ስትመለስ ይጠፋብሃል፤ አንተም «ሬዲዮው ተበላሸ» ብለህ ይዘኸው ትመጣለህ።

ፖርቶ መጋላ ካለህ ተጠንቀቅ። በብረቶቹ መካከል፣ ከብረቶቹ በታች የቆመ ዘንግ ታፍኖ ነው የሚውለው። ፖርቶ መጋላው ላይ መስቀልም አይሻልም፤ ከሥሩ ሰፊ ላሜራ የለም። ብረቱም ብዙ ጊዜ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ከጣሪያው ጋር በደንብ አይገናኝም። እኔ ብሆን ፖርቶ መጋላውን ወደ ኋላ ገፍቼ ጣሪያውን ለአንቴናው እለቅለታለሁ።

የመስታወቱን ለምን ተወው አልኩህ? የሚለጠፉት አብዛኞቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ባንድ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አንተ ደግሞ ብዙ ባንድ ነው የምትፈልገው። መስታወትህ ላይ ብረት ያለበት ጥቁር ፊልም ከተለጠፈ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

አሁን «ሃይ ጌን» ወደሚሉት ረጅሙ ልምጣ፤ ባለሱቁ አልዋሸህም። ግን አገሩን አላየልህም። አንቴና ከራሱ ኃይል አይፈጥርም። ጌን የሚባለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ወስዶ ወደ ጎን፣ ወደ አድማሱ መጭመቅ ነው። ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ከደነባ ወደ እነዋሪ ባለው ሜዳ ብቻ የምትመላለስ ብትሆን «ግዛው» ልልህ እችላለሁ።

ያንተ መንገድ ግን ሌላ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ደብረ ሲና ላይ ስትቆም ገደሉ ከአናትህ በላይ ነው። እዚያ ሲግናሉ ከአድማስ አይመጣም። ከገደሉ ጫፍ ታጥፎ ይወርዳል፤ ወይም ከማዶው ግድግዳ ነጥሮ ይመጣል። መኪናውም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ፣ ኩርባው ላይ ጎኑን ጥሎ ነው የሚሄደው። ወደ አድማስ የተጨመቀው አንቴና አንዴ መሬቱን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል። አጭሯ የሩብ ሞገድ ዘንግ ወደ ላይም ወደ ጎንም ሰፋ አድርጋ ስለምትሰማ መኪናው ቢያዘነብልም አትቸገርም።

ሌላም አለ። ረጅሙ ለተሠራበት ባንድ የተሳለ ነው፤ ከዚያ ሲወጣ ከአጭሯ የባሰ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ንፋሱ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ስትታጠፍ ያለውን ንፋስ ታውቀዋለህ። ከሜትር በላይ የሆነ ዘንግ ማግኔቱን ይዞት ሊነሳ ይችላል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የጊቢ በርም አለ።

ከገዛህ በኋላ እንዲህ አስቀምጠው። ጣሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። የማግኔቱንም ሥር ጥረግ። አቧራው ውስጥ ያለች ጠጠር ቀለሙን ትፍቃለች፤ በመካከል የሚገባ ቆሻሻም ማግኔቱን ከላሜራው ያርቀዋል። ማግኔት ቀለሙ ሳይፋቅ ከላሜራው ጋር የሚገናኘው በጣም ስለሚቀርብ ነው። ስለዚህ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጎማ ከሥሩ አታድርግ። በየሳምንቱ አንስተህ ሥሩን ጥረግ። በክረምት ውሃ ከሥሩ ይተኛል፤ ቀለሙን ያበላሻል።

ኬብሉን በኋላ በር የላይኛው ጠርዝ፣ ጎማው ለስላሳ በሆነበት በኩል አስገባ። በሩ ሲዘጋ የላሜራው ጠርዝ ኬብሉን መቁረጥ የለበትም። ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተወው፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ኮርኒሱ ውስጥ አይገባም። የደብረ ሲናን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም። ዝናብ ሳይኖር እንኳ ጣሪያው ይረጥባል።

የኬብሉን ዓይነት ጠይቅ። አርጂ 58 የሚባለው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃሃል። 5 ሜትር የሚሆነው በ450 ሜጋኸርዝ ሲግናሉን ሲሶ ያህል ይበላል። በ160 ላይ ጉዳቱ ያነሰ ነው። አንዳንድ ባለማግኔት ጋር የሚመጣው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ሽቦ የቀጠነው ግን በዚያው ርዝመት በ450 ላይ ግማሽ ያህሉን ይወስደዋል። ሁለት ዓይነት ካሳዩህ ወፍራሙን ውሰድ። ከ5 ሜትር በላይ ለሃይሉክስ አያስፈልግህም። የስካነርህ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ቢኤንሲ ነው፤ ጠምዘዝ ተደርጎ የሚቆለፈው። ሬዲዮውን ይዘኸው ሂድና እዚያው ሰክተህ ሞክር። በአስማሚ ላይ አስማሚ ደርበህ አትምጣ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በጠጠር መንገድ የሚላላ ነገር ነው።

ማጉያ እንግዛልህ ቢሉህ እምቢ በል። ከተማ ውስጥ የኤፍኤም ማሰራጫዎች ቅርብ ናቸው። ማጉያው እነሱንም አብሮ ያጎላቸዋል፤ ስካነሩ ይጨናነቃል። የአውሮፕላኑ መስመር ላይ ዘፈን ከሰማህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ያለ ማጉያም ካስቸገረህ ኤፍኤምን የሚቀንስ ትንሽ ማጣሪያ አለ፤ በኬብሉና በሬዲዮው መካከል ይገባል።

የጩኸት ነገር። መኪናህ ናፍጣ ስለሆነ የካንዴላ ጫጫታ የለብህም። ግን ሞባይል ቻርጀሩን ተመልከት። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ርካሽ ቻርጀር የሬዲዮ ጠላት ነው። ሲግናሉ ደከም ያለ ቦታ ቁም። ሞተሩን አጥፋ፤ ስማ። ቻርጀሩን ንቀል፤ ስማ። ሞተሩን አስነሳ፤ ስማ። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ካለ ዲናሞው ነው። እንደዚያ ከሆነ የስካነሩን መብራት ከሲጋራ መለኮሻው ትተህ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው አምጣው። ዳሽ ካሜራ ካለህ እሱንም ነቅለህ ሞክር።

መኪናው ላይ የሚያስተላልፍ ሌላ ሬዲዮ ካለ ደግሞ ሁለቱ አንቴናዎች ጣሪያው ላይ አይጠጋጉ። ቢያንስ አንድ ሜትር ይራራቁ፤ በሚተላለፍበት ጊዜም የስካነሩን አንቴና ንቀለው፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የማስተላለፊያው ኃይል የስካነሩን የፊት ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

ምን እንደምትጠብቅም ልንገርህ፤ አንቴና ተራራ አያፈርስም። ጣሊያን የሠራው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሁሉም ይጠፋል፤ ደንግጠህ ቅንብሩን አትነካካ። ከደብረ ሲና በታች ባሉት ኩርባዎች ሪፒተሩ ብቅ ጥልቅ ይልብሃል። ቆመህ መስማት ካለብህና ከጠፋብህ መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት አስጠጋው። በ160 ሜጋኸርዝ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ተጣልቶ የሚያጠፋውና ተስማምቶ የሚያጎላው ቦታ በዚያ ያህል ነው የሚራራቀው። የትኛው ጥግ ላይ እንደሚሰማ እያየህ ያዝ፤ ከአንድ ወር በኋላ የት መቆም እንዳለብህ ራስህ ታውቀዋለህ። አውሮፕላን በ10,000 ሜትር ሲበር ሜዳ ላይ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ድምፁ በንድፈ ሐሳብ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፈቃዱ ከተገኘ አብራሪዎቹን ከደብረ ብርሃን ትሰማለህ። የቦሌን ማማ መልስ ግን አትጠብቅ፤ እሱ መሬት ላይ ነው፤ በመካከላችሁ ያለው ከፍታ ይከልለዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ዓለም ከተማ ነው። ባለቤቴ ሚኒባስ ይሠራል። ድሮ ከነበረው ቴፕ ጋር ኤፍኤም ጥሩ ነበር። አዲስ ቴፕ ካስገባ ወዲህ ሙከ ጡሪ እንኳ ሳይደርስ ይንሿሿል። የጣሪያው አንቴና ያው አጭሩ ነው፤ አልተነካም። ረጅም አንቴና ይግዛ ወይ? ጀማ ወንዝ ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።
አስተማሪዋ፣ ከዓለም ከተማ

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ምንም እንዳይገዛ። የጻፍሽው ራሱ ችግሩን ይናገራል፤ አንቴናው ሳይነካ ቴፑ ሲቀየር ነው የጠፋው።

ጣሪያ ላይ ያሉት አጫጭር አንቴናዎች ለኤፍኤም በጣም ያጥራሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ከሥራቸው ትንሽ ማጉያ አላቸው። ያ ማጉያ መብራት የሚያገኘው ከቴፑ ነው። አዲስ ቴፕ ሲገባ ኤሌክትሪሺያኑ የስፒከሩንና የባትሪውን ሽቦ ያገናኛል፤ የአንቴናውን ማጉያ የሚያበራውን ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ በናስትሮ ጠቅልሎ ይተወዋል። በአዲሶቹ ቴፖች ላይ ይህ ሽቦ በአብዛኛው ሰማያዊ ነው። ቴፑ ተከፍቶ ይታይ። ሰማያዊው ከአንቴናው ማጉያ መስመር ጋር ይገናኝ። በቀጥታ ከባትሪው ጋር ግን እንዳያገናኙት፤ መኪናው ቆሞ ሲያድርም ማጉያው ባትሪውን ይጠጣል። በአንዳንድ መኪና መብራቱ የሚሄደው በራሱ በአንቴናው ኬብል ውስጥ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ትንሽ መጋጠሚያ ይሸጣል።

አንቺም ራስሽ ልታረጋግጪ ትችያለሽ። የአንቴናው መሰኪያ ከቴፑ ጀርባ ይነቀልና 75 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ መሐለኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በመስኮት ይውጣ። በሽቦው ከአንቴናው በጣም የተሻለ ከተሰማ ማጉያው አልበራም ብለሽ ጠርጥሪ።

ስለ ጀማ ልቤ ቢፈልግም የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም። ኤፍኤም እንደ ዓይን ነው የሚሄደው፤ ማሰራጫው ያለበት ከፍታ ካልታየ ብዙም አይደርስም። ከለሚ ቁልቁል ወርዳችሁ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ከየትኛውም ማሰራጫ ተሰውራችኋል። ፍላሽ ላይ የተጫነ መዝሙር ወይም ዘፈን ለዚያ መንገድ ይዘጋጅ።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ። መሐል ሜዳ ነው ያለሁት። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፤ አሁንም ግን ኢሱዙዬን ራሴ ነኝ የምነዳው። አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ አለኝ። ማታ የዶይቼ ቬለን አማርኛ መስማት እወዳለሁ። ቤት ውስጥ ይሰማል። መንገድ ላይ አድሬ ጋቢና ውስጥ ስከፍተው ጩኸት ብቻ ነው። ለመኪና የሚሆን የአጭር ሞገድ አንቴና ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይኖራል፤ ግን እርስዎ እንዲገዙት አልመክርም። ከላይ ለወንድማችን የነገርኩትን ስሌት ይውሰዱ። ለ10 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ 7 ሜትር ተኩል ነው። ያንን ያህል ዘንግ ጣሪያ ላይ አይቆምም። አጭር ተደርጎ በጥቅልል ሽቦ የሚሞላው ደግሞ በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ነው ጥሩ የሚሆነው።

እርስዎ የሚሰሙት ቆመው ነው። ይህ ነገሩን በጣም ያቀለዋል። ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ 7 ወይም 8 ሜትር ይግዙ። አንዱን ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጡት፤ የልብስ መቆንጠጫ በሚመስለው የባትሪ መያዣ ያያይዙት። መንገድ ዳር ሲያድሩ ሞተሩን ያጥፉ። ሽቦውን በመስኮት አውጥተው ወደ ዛፍ ወይም አጥር ይዘርጉት። ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። መያዣውን የሬዲዮው ተዘርጊ አንቴና ላይ ይቆንጥጡ። ጋቢናው የብረት ሣጥን ስለሆነ ነው ውስጡ የማይሰማው፤ ሽቦው ውጭ ያለውን ሞገድ ወደ ውስጥ ያመጣልዎታል።

ከመሸ በኋላ ከ6 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ያሉትን መስመሮች ያስሱ። ቀን ከሆነ ከ11 እስከ 17 ያሉት ይሻላሉ። የሬዲዮውን ድምፅ ሽቦው ሞልቶ ካጣመመው መያዣውን ከአንቴናው ላይ ነቅለው ሽቦውን በአንቴናው ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይጠምጥሙት፤ ይለሰልሳል።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ሽቦውን የመብራት መስመር ባለበት በኩል ፈጽሞ አይዘርጉት፤ ከላይም ከታችም። እንደዚሁም ደመና ሲያጉረመርም፣ ገና ሩቅ ሳለ፣ ሽቦውን ነቅለው ይጠቅልሉት። መንዝ ላይ መብረቅ እንዴት እንደሚወርድ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ስካነር ገዝቼ የፖሊስን ሬዲዮ ለመስማት ምን ዓይነት አንቴና ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አልመልስልህም። ያልተፈቀደልህን የጸጥታ መስመር መስማት አንተንም፣ አብሮህ የተሳፈረውንም፣ በሬዲዮው የሚነጋገሩትንም አደጋ ላይ ይጥላል። ለሌላ የሬዲዮ ጥያቄ ግን ጻፍልኝ፤ በደስታ እመልስልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላንድክሩዘሩ የራሴ ነው፤ ለእርሻዬ ሥራ ፈቃድ ያለው የቪኤችኤፍ ሬዲዮ አለኝ። ማግኔቱ ሰለቸኝ። ጣሪያውን በስቼ በቋሚነት ማሰር እፈልጋለሁ። ይበላሽብኝ ይሆን?
ከአረርቲ

መልስ፦ በትክክል ከተሠራ አይበላሽም። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለው አሠራር እሱ ነው፤ መሠረቱ ከላሜራው ጋር በቀጥታ ይነካካል፤ ኬብሉም በኮርኒሱ ውስጥ ተሰውሮ ይወርዳል።

የተለመደው ኤንኤምኦ የሚባለው መሠረት 19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። መጀመሪያ የጣሪያውን የውስጥ መብራት ፈትተህ እጅህን አስገባና ከሥር ምን እንዳለ እይ። የጣሪያው ማጠንከሪያ ብረት የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ እሱን ሽሽ። የመብራቱ ሽቦም አለ። ከመብራቱ ቀዳዳ እጅህ በሚደርስበት ቦታ መብሳት ኬብሉን ለመሳብ ያመቻል።

ምልክቱን በወረቀት ቴፕ ላይ አድርግ፤ መሰርሰሪያው ቀለሙ ላይ እንዳይንሸራተት። በትንሽ ጫፍ ጀምር። ትልቁን ቀዳዳ ለዚህ በተሠራ ክብ መቁረጫ ጨርስ፤ በተራ የእንጨት መቁረጫ ላሜራው ይቀደዳል። ብረት ብናኙን በሙሉ ጥረግ። ጣሪያው ላይ የቀረ ብናኝ በመጀመሪያው ዝናብ ዝጎ ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ከውስጥ በኩል መሠረቱ የሚነክስበትን ዙሪያ ብቻ ቀለሙን ፋቅ፤ መነካካት ያለበት እዚያ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ ግን ዝገት በሚከላከል ቀለም ቀባው። ሲደርቅ እሰር።

ላቫጆ ስትሄድ ዘንጉን ፍታና የጎማ ክዳኑን ግጠምበት፤ የውሃው ግፊት ከዝናብ ይበልጣል። ሰኔ ሳይገባ የመሠረቱን ጎማ እየው፤ ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይረው።